ድመት ስታስታውክ «ልማዷ ነው» ብሎ ማለፍ ይቅር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ የድመት ትውከት መቼ ሊያሳስብ እንደሚገባ

ድመት በሚያሳድጉ ሰዎች ዘንድ የትውከት ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚሰነዘር መልስ አለ፤ «ተዋት፣ ድመት ማስታወክ ልማዷ ነው» ይባላል። የእንስሳት ሐኪሞች ነን፤ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ይህ አባባል ብዙ ድመቶችን ሊድኑ ከሚችሉበት ሰዓት ስለሚያሳልፋቸው ነው። ጤነኛ ድመት በዓመት ጥቂት ጊዜ የዋጠችውን ፀጉር ልትተፋ ትችላለች። ተስገብግባ በልታ ወዲያው ልትመልስም ትችላለች። በየሳምንቱ የምታስታውክ ድመት ግን ብትጫወትም፣ ብትበላም፣ ፀጉሯ ቢያብረቀርቅም ጤነኛ አይደለችም። ትውከቱ እየመጣ እየሄደ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ምክንያቱ ተፈልጎ መገኘት አለበት። በወር 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የምታስታውክ ድመትም ቀጠሮ ተይዞላት ብትመረመር ይሻላል ባዮች ነን።

ሌላም ያሳሰበን ነገር አለ። ስለ ቤት እንስሳት የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ጊዜ ውሻንና ድመትን በአንድ ቅርጫት ይከታሉ። በትውከት ጉዳይ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ለውሻ የሚበጅ ምክር ድመትን ሊገድል የሚችልበትን ቦታ ከታች እንጠቁማለን።

መጀመሪያ የታየው ነገር በእርግጥ ትውከት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ልታስታውክ ያለች ድመት አስቀድማ ታስታውቃለች። ቦታ ትለዋውጣለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ምራቋን ደጋግማ ትውጣለች፣ አንዳንዴም ለሃጯ ይዝረበረባል። ከዚያ ሆዷ በኃይል እየተኮማተረ፣ ጎኗ ወደ ውስጥ እየገባ እየወጣ ያስመልሳታል። ትውከት ማለት ይህ ነው። ሆዷ ምንም ሳይታገል፣ አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ብቻ ያልተፈጨ ምግብ የቱቦ ቅርፅ ይዞ ከወጣ ግን ምግቡ ጨጓራ አልደረሰም ማለት ነው። ይህ ከደጋገማት ችግሩ የምግብ ቧንቧዋ ላይ ነውና ምርመራውም ሌላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። ድመቷ ወለሉ ላይ ዝቅ ትልና አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ትንጠራራለች፣ እህ እህ ትላለች፤ በመጨረሻ ግን ምንም አይወጣም፤ ቢወጣም ትንሽ አረፋ ነው፣ እሱንም መልሳ ትውጠዋለች። «ፀጉር አንቋት ነው» ይባልላታል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይህ ሳል ነው፤ አስም የያዛት ድመት እንዲህ ነው የምትሆነው። ሦስቱን በቃል ገልጾ ማስረዳት ስለሚያስቸግር፣ ሲይዛት በስልክ 20 ሰከንድ ያህል ቅረጿትና ለሐኪሙ አሳዩት። አንዴ አይቶ ይለየዋል።

ስለ ፀጉር ትንሽ እንቆይ፤ የሌላው በሽታ ጥፋት ሁሉ የሚላከከው በእሱ ላይ ነውና። የድመት ምላስ እንደ ሞረድ ሻካራ ነው። ላዩ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን እሾህ መሰል ነገሮች ጫፋቸው ወደ ጉሮሮ የዞረ ስለሆነ፣ ሰውነቷን ስትልስ ምላሷ ላይ የተያዘውን ፀጉር መትፋት አትችልም፤ ያላት ምርጫ መዋጥ ነው። ጤነኛ ድመት ከዋጠችው ውስጥ አብዛኛው ከምግቡ ጋር አንጀቷን አልፎ በዓይነ ምድር ይወጣል። ጨጓራ ውስጥ የቀረው ተጠቅልሎ፣ በፈሳሽ ተለውሶ፣ የጣት ቅርፅ ይዞ በትውከት ይወጣል። ይህ በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ ከሁለት አንዱ ደርሷል። አንደኛው፣ ቁንጫ ወይም የቆዳ ማሳከክ ይዟት፣ ወይም የሚያማት ቦታ ኖሮ ከልክ በላይ እየላሰች ነው። ሌላው፣ ጨጓራዋና አንጀቷ ፀጉሩን እንደ ወትሮው ወደ ታች መግፋት አቅቷቸዋል፤ ይህም የአንጀት ብግነት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፀጉሩ ራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ረጅም ፀጉር ያላትን በየቀኑ፣ አጭር ፀጉር ያላትን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ማበጠር የምትውጠውን ይቀንስላታል። «አንጀቷን ያለሰልሳል» ተብሎ በአፏ ዘይት ማንቆርቆር ግን ፈጽሞ አይደረግ። ዘይት ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሲገባ እንደ ውሃ አያስልም፤ ሳትሰማው ሳንባዋ ውስጥ ይቀርና ለማከም የሚያስቸግር የሳንባ ምች ያመጣል።

የወጣውን ነገር ከማጽዳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት። ነጭ አረፋ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ጨጓራው ባዶ እንደነበር ይናገራል፣ ከዚያ በላይ ብዙ አይነግርም፤ ቢጫው ሐሞት ነው። ነጣ ያለ፣ እንደ ክር የረዘመና የሚንቀሳቀስ ነገር ከታየ ወስፋት ነው፤ በግልገሎች ላይ ይበዛል፣ መድኃኒቱም በክብደቷ ተሰልቶ ይሰጣል፣ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። እንደ ዓይነ ምድር የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል። ደም በሁለት መልክ ይመጣል፤ ትኩስ ከሆነ ቀይ ነው፣ ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ ከሆነ ግን የቡና አተላ ይመስላል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ደም መሆኑን ሳያውቅ ጠርጎ ይጥለዋል።

ከትውከቱ ይበልጥ የሚናገረው ግን የድመቷ ሁኔታ ነው። ከንፈሯን በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ገልጡና ድዷን ተመልከቱ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ ሲነካም እርጥብና አንሸራታች ነው። ጣት ላይ ጣበቅ የሚል ከሆነ ሰውነቷ ውሃ አጥሮታል። ድዱን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ የደም ዝውውሯ ተዳክሟል። ድዷ የነጣ፣ ቢጫ የሆነ ወይም ጭቃ የመሰለ እንደሆነ ለነገ አይባልም። በብርቱካናማ ድመቶች ድድና ከንፈር ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ግን ቀለማቸው ነው፣ አያስደንግጣችሁ። በትከሻዎቿ መካከል ያለውን ቆዳ አንስቶ መልቀቅም የታወቀ ነው፤ ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ድርቀት አለ። ይሁን እንጂ ያረጀች ድመት ቆዳዋ ስለሚላላ ጤነኛ ሳለች የደረቀች ትመስላለች፤ የሰባች ድመት ደግሞ ደርቃም ቆዳዋ ፈጥኖ ይመለሳል። ድዱን ማመን ይሻላል። ተኝታ ሳለች ትንፋሿን ለ1 ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ30 በላይ ከሆነ ይነገር። የፊንጢጣ ቴርሞሜትር መጠቀም የሚችል ካለ፣ ጤነኛ ድመት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ትለካለች። ሙቀቷ ከ37.5 በታች የወረደ ድመት ከትኩሳታሟ ባልተናነሰ ታሳስባለች፤ አቅሟ ማለቁን ያሳያልና።

አሁን ቀጠሮ የማይጠብቁትን እንናገር። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ ያስታወከች፣ የጠጣችውን ውሃ እንኳ መያዝ ያቃታት፣ ደም የወጣት፣ ሆዷ የተነፋ ወይም ሲነካ የምትጮኽ፣ ለማስመለስ እየታገለች ምንም የማይወጣላት፣ መቆም ያቃታት ወይም ጥግ ገብታ አልወጣ ያለች ድመት በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ ሌሊት ከሆነም በሌሊት። ከማስታወኳ ጋር 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ያልቀመሰችም እንዲሁ።

ክትባቷን ያልጨረሰች ግልገል ካስታወከችና ከደከመች ከዚህም በፈጠነ ጊዜ መድረስ አለባት። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የቫይረስ በሽታ የአንጀትን ሽፋን እያፈረሰ ነጭ የደም ሴሎችንም አብሮ ይጨርሳል፤ ግልገልን በአንድ ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። የያዛት ግልገል ብዙ ጊዜ የውሃ ሳህኗ ላይ አንገቷን አቀርቅራ ትቀመጣለች፣ ግን አትጠጣም። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት መዝለቅ አለበት። ከእናቷ ጡት ያገኘችው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን ክትባቶች ሊያከሽፍ ስለሚችል፣ አንድ መርፌ ወስዳ ያቋረጠችውን ግልገል እንደ ተከተበች መቁጠር አይቻልም።

ወንድ ድመት ሲያስታውክ ባለቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መጨረሻ የሸናው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከትውከት ጋር የማይገናኝ ይመስላል፣ ግን የስንቱን ሕይወት ያተርፋል። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ጠባብ ስለሆነ በደቃቅ ጠጠርና በንፍጥ መሰል ነገር ይደፈናል። ድመቱ ወደ አሸዋ ሳጥኑ ይመላለሳል፣ ቁጢጥ ብሎ ይቆያል፣ ያቃስታል፣ ብልቱን ደጋግሞ ይልሳል፤ የሚወጣው ግን አንድ ሁለት ጠብታ ነው፣ ወይም ምንም የለም። ያየው ሰው ሆድ ድርቀት ይመስለዋል። ሽንቱ ሲታገድ በኩላሊት መወገድ የነበረበት ቆሻሻና ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ትውከቱ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያ ምልክት ሳይሆን የዘገየ ምልክት ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚጎዳው ልብ ነው። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ በጊዜው ቧንቧው ከተከፈተለት ግን አብዛኛው ድመት ይድናል።

ክር ደግሞ የተጫዋች ድመቶች ጠንቅ ነው። የስፌት ክር ከነመርፌው፣ የስጦታ ማሰሪያ ሪባን፣ የፀጉር ላስቲክ፣ የጫማ ማሰሪያ ሁሉ ከዚሁ ይመደባል። ቅድም ያነሳነው የምላሷ እሾህ እዚህም ይጎዳታል፤ ክሩን አንዴ ወደ አፏ ካስገባችው ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይሄድላትም። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ይጠመጠማል ወይም ጨጓራዋ መውጫ ላይ ይያዛል፣ ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቱ ክሩን ወደ ታች ሊገፋ ይታገላል፣ ክሩ አልለቅ ይላል፤ በመጨረሻ የቀበቶ ገመድ ሲሳብ የሱሪ ወገብ እንደሚጨማደድ አንጀቱ ራሱ ክሩ ላይ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ክሩ እንደ መጋዝ የአንጀቱን ግድግዳ ይቆርጣል። ድመቷ የምትፈቅድ ከሆነ አፏን ከፍታችሁ በሌላው እጃችሁ አውራ ጣት ከአገጯ ሥር ባለው ለስላሳ ቦታ ወደ ላይ ገፋ አድርጉ፤ ምላሷ ይነሳል። ሥሩ ላይ ክር፣ ወይም ክር የቆረጠው ቀይ መስመር ታዩ ይሆናል። አትሳቡት። ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ያያችሁትንም አትሳቡት። ስትስቡት የተጨማደደው አንጀት ይበልጥ ይቆረጣል። ክር አለመታየቱም ነፃ አያወጣትም፤ ዕድሜዋ ከ2 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት ደጋግማ ካስታወከች የስፌት ዕቃውንና የመጫወቻዎቿን ብዛት ቆጥራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ከመርዞች ሁለቱን ብቻ እናንሳ። ሊሊ አበባ፣ ማለትም የሊሊየም እና የሄሜሮካሊስ ዝርያዎች፣ ለድመት ኩላሊት ገዳይ ናቸው። ቅጠሉ፣ አገዳው፣ አበባው፣ ቢጫው ብናኝ፣ የተቀመጠበት ማሰሮ ውሃ ሳይቀር መርዝ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የረገፈውን ብናኝ መላሷ ብቻ ይበቃል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታስታውካለች። ከዚያ ትውከቱ ጋብ ይልና የተሻላት ትመስላለች፤ ባለቤቷም እፎይ ይላል። በዚህ ፋታ ነው ኩላሊቷ የሚጠፋው፤ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ሥራውን ያቆማል። ከበላች በኋላ 18 ሰዓት ሳያልፍ ፈሳሽ በደም ሥሯ መግባት ከጀመረና ቢያንስ 48 ሰዓት ከቀጠለ የመትረፍ ዕድሏ ጥሩ ነው። ውሻ ይህንኑ አበባ ቢበላ ሆዱ ይረበሻል እንጂ ኩላሊቱ አይሞትም። ውሻና ድመት ያለበት ቤት «ውሻው በልቶ ምንም አልሆነ» ብሎ መዘናጋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌላው ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት የመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ነው። የሻይ ማንኪያ የምታህል መጠን ድመትን ትገድላለች። የጠጣች ድመት ታስታውካለች፣ እንደሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች፤ ማርከሻው በደንብ የሚሠራው ከጠጣች በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ነው።

ወደ ቀላሉ እንመለስ። አንዴ ወይም ሁለቴ አስታውካ ከዚያ በኋላ ነቃ ያለች፣ ድዷ ጥሩ የሆነ፣ መርዝ ወይም ክር የማትጠረጠር፣ ለዐቅመ ድመት የደረሰች ከሆነች ቤት ውስጥ መጠበቅ ይቻላል። ምግቧን ከ2 እስከ 4 ሰዓት አንሱ። ውሃ አትከልክሏት፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጠጥታ እንዳትመልሰው 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ አቅርቡላት። ከዚያ ቆዳውና አጥንቱ የወጣለት፣ ጨውም ቅመምም ያልነካው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በሻይ ማንኪያ ስጧት። ከያዘችው በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ አስከትሉ። 24 ሰዓት ሳታስታውክ ከዋለች የለመደችውን ምግብ ጥቂት በጥቂት እየቀላቀላችሁ በ2 ወይም 3 ቀን መልሷት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም የበሰለውም ዱቄቱም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ስለሚያፈርስ የተቀመመ ሾርባና ሽንኩርት የገባበት የሕፃናት ምግብ አይሰጣት። ውሃ በሲሪንጅ በግድ መጋትም አይበጅም፤ የምታስታውክ ድመት ወደ ሳንባዋ ልትስበው ትችላለች።

«ላስታወከ እንስሳ 24 ሰዓት ምግብ መከልከል» የሚለው ምክር ከውሻ የመጣ ነው። ድመት በዚህ ረገድ ሰውነቷ የተለየ ነው። 2 ወይም 3 ቀን ሳትበላ ከቆየች፣ በተለይ የወፈረች ከሆነች፣ ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ለጉልበት ብሎ ወደ ጉበት ይልካል። ጉበቷ ያን ያህል ስብ አብላልቶ ማስወገድ ስለማይችል ይሞላበታል፣ ሥራውንም ያቆማል። ያኔ ዓይኗና ድዷ ቢጫ ይሆናሉ፣ ትውከቱ ይብሳል፣ ምግብ ሲሸታት ፊቷን ታዞራለች። ማዳን ይቻላል፤ ግን ለብዙ ሳምንት በቱቦ መመገብን ይጠይቃል። የጀመራት ሕመም ቀላል ሆኖ ሳለ ረሃቡ ራሱ ሁለተኛ በሽታ ይሆንባታል ማለት ነው። ለግልገል ለጥቂት ሰዓት እንኳ መከልከል አደገኛ ነው፤ የደም ስኳሯ ፈጥኖ ይወርዳል።

የሰው መድኃኒት አይሰጣት። አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም የፓራሲታሞል እንክብል ድመትን ይገድላል፤ ጉበቷ መድኃኒቱን የሚያመክንበት መንገድ እጅግ ደካማ ነው። የወሰደች ድመት ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አይቡፕሮፌን ጨጓራዋን ያቆስላል፣ ኩላሊቷን ይጎዳል። ለሰው የሆድ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ ቢስመዝ ያለባቸው ፈሳሾች ከአስፕሪን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ስላለባቸው እነሱም አይሆኑም። መርዝ በልታለች ተብሎ በጨው ውሃ ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ልታስመልሷት አትሞክሩ፤ የመጀመሪያው በጨው ይመርዛታል፣ ሁለተኛው ጨጓራዋን አድምቶ ይልጠዋል። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትም ቢሆን አሰጣጡ አለው። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ እንክብል ብቻውን ከተሰጠ የምግብ ቧንቧዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላታል፤ ቁስሉ ሲድን ቧንቧውን ያጠብበውና የዋጠችውን ሁሉ መመለስ ትጀምራለች። ከእንክብሉ በኋላ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ወይም ትንሽ ለስላሳ ምግብ ካስከተላችሁ ይህ አይመጣም።

ትውከት ሁሉ በሽታ ነው አላልንም። ተስገብግባ የምትበላን ድመት ምግቧን ሰፊ ትሪ ላይ በትኖ፣ የቀኑን ድርሻ 4 ወይም 5 ቦታ ከፍሎ መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃታል። ሌሎች ድመቶች ካሉ ለየብቻ አብሏት። ምግብ ስትቀይሩ ከ7 እስከ 10 ቀን እየቀላቀላችሁ አሸጋግሯት።

ሥር የሰደደው ትውከት ግን አያጣድፍም፤ አዘናግቶ የሚገድልም ለዚህ ነው። በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ ያለች ድመት ምግቧን እየጨረሰች የምትከሳ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ይጠረጠራል። ብዙ የምትጠጣና ብዙ የምትሸና ከሆነች ኩላሊቷና የደም ስኳሯ ይታያል። ቆሽቷ ሲቆጣ ደግሞ ከሰው በተለየ ሆዴን አመመኝ የሚያሰኝ ምልክት ላታሳይ ትችላለች፤ መደበቅና ምግብ መተው ብቻ ሊሆን ይችላል። የአንጀት ብግነትና ዝግ ብሎ የሚያድገው የአንጀት ሊምፎማ ካንሰር በመልክ መንታ ናቸው፤ በአልትራሳውንድ እንኳ ስለሚመሳሰሉ ለመለየት ከአንጀት ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ብዙዎቹ በምግብ ለውጥ ብቻ ይድናሉ። አንድ ዓይነት፣ ከዚህ በፊት ቀምሳው የማታውቀው የሥጋ ምንጭ ያለበት ወይም ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የተዘጋጀ ምግብ ይሰጣታል፤ የሚሠራላት ከሆነ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታያል። በዚያ ጊዜ ከጠረጴዛ ላይ የምትጣል አንዲት ቁራሽ ሙከራውን ታበላሸዋለች።

ሥር የሰደደውን ቀድሞ የሚያጋልጠው ሚዛን ነው። ድመቷን አቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ቀንሱ፤ ወይም የሕፃናት ሚዛን ካገኛችሁ ይበልጥ ትክክል ነው። በወር አንድ ጊዜ ጻፉት። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 3.6 ከሆነች ከሰውነቷ አንድ አሥረኛው ሄዷል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ እንደ መክሳቱ ነው። ፀጉሯ ስለሚሸፍነው በዓይን አይታይም።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ የትውከቱን ፎቶ፣ ትኩስ ከሆነም በፕላስቲክ የታሰረ ናሙና፣ መርዝ ከጠረጠራችሁ የዕቃውን መያዣ ወይም የተክሉን ቅጠል ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ጊዜ እንዳስታወከች፣ ከበላች ስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፣ መጨረሻ የሸናችበትንና የተጸዳዳችበትን ሰዓት በወረቀት አስፍሩ፤ ስንደነግጥ የምንረሳው ይህን ነው። ማስታወክ የሚያቆም መርፌ ብቻ ተወግታ ወደ ቤት እንድትመለስ አትጎትጉቱ። መርፌው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አንጀቷ ተዘግቶ ከሆነ ግን ትውከቱን ዝም አሰኝቶ መዘጋቱን ይሸፍነዋል። ድንገተኛ ትውከት ያላት ወጣት ድመት ኤክስሬይ ወይም አልትራሳውንድ ሲታዘዝላት ለዚሁ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለን። ስለ ቤት እንስሳት ምክር ስታትሙ ለየትኛው እንስሳ እንደሆነ ከርዕሱ ሥር ጻፉልን፤ «24 ሰዓት አታብሉ» የሚል መስመር ካለበት ደግሞ «ለድመት አይሆንም» የሚለውን ከጎኑ አስገቡልን። ጠረጴዛ ላይ በሊሊ አበባ አጠገብ የተኛች ድመት ፎቶ ሲደርሳችሁም ባታትሙት ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
የቤት እንስሳት ሐኪሞች